ስልካችሁ አማርኛ ይናገራል፤ በአማርኛ ግን አይቆጥርም

ዛሬ የማወራችሁ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ስልካችሁ ነው። «ሐኪም ደግሞ በስልክ ምን አገባው?» እንዳትሉኝ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ያገባኝ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ወቅቱ ጥቅምት ነበር። የራያን ቆላ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ክረምቱ ሲወጣ ውሃው በየቦታው ያቁራል፣ ወባም ተከትላ ትነሳለች። አንድ ወጣት ከሮቢት መጣ። ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ቆቦ ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት ከተማ ናት። ልጁ እዚያው ባጃጅ ይነዳል። ከአራት ቀን በፊት ወባ ተገኝቶበት ኮአርተም ጀምሯል፤ ትኩሳቱ ግን አልለቀቀውም።

«ዶክተር፣ መድኃኒቱ አልሠራልኝም። ሌላ ጠንከር ያለ ይዘዙልኝ» አለኝ።

«እንዴት ነበር የወሰድከው?»

«እንደተነገረኝ ነዋ! አንድም ፍሬ አላስቀረሁም። እንዳልረሳ ብዬ አላርም ሁሉ ሞልቻለሁ» ብሎ ስልኩን አወጣና አሳየኝ።

አላርሙን ሳየው ነገሩ ገባኝ።

ኮአርተም በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ይወሰዳል፤ የቀሩት አራቱ ደግሞ በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ጠዋትና ማታ። ልጁ የመጀመሪያውን የዋጠው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። «ሁለተኛውን 11 ሰዓት ላይ፣ ከዚያ ነገና ከነገ ወዲያ ጠዋት 3 እና ማታ 3 ትወስዳለህ» ተብሏል። ትክክለኛ ምክር ነው።

የልጁ ስልክ የተሞላው በአማርኛ ነው። አላርሙ ላይ «11:00 ከሰዓት» ይላል። እስቲ እናንተም አንብቡት። 11 ሰዓት ከሰዓት ማለት በእኛ አነጋገር መቼ ነው? ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ አይደለም እንዴ? ስልኩ ግን የጮኸው ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ነው። ቀጥሎ «3:00 ጥዋት» ብሎ የሞላው ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጮኸ። «ማታ 3»ን ሲፈልግ ስልኩ «ማታ» የሚባል ነገር የለውም፤ ያለው «ጥዋት» እና «ከሰዓት» ብቻ ነው። ስለዚህ «3:00 ከሰዓት» አለ። ያ ደግሞ ቀን 9 ሰዓት ሆነ።

አሁን ቁጠሩት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል 8 ሰዓት መሆን የነበረበት 14 ሰዓት ሆነ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ በ4 ሰዓት ልዩነት ተደራረቡ። በዚያ ላይ ኮአርተም ከምግብ ጋር፣ በተለይ ቅባት ወይም ወተት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው። ልጁ ግን ሌሊት ሌሊት ተነስቶ በባዶ ሆዱ ነው የዋጠው።

«ሌሊት ሲጮህብህ አልገረመህም?» አልኩት።

«ገርሞኝ ነበር። ግን ስልክ አይሳሳትም ብዬ ዋጥኩት።»

«አብሽር፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አልኩት። እውነቴን ነው። በእርግጥ ትኩሳት የማይለቅበት ሌላም ምክንያት ሊኖር ስለሚችል ደሙን በድጋሚ አስመርምረን ሕክምናውን አስተካከልንለት፤ ድኗል። እኔን ግን ነገሩ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ይሄ ልጅ መድኃኒቱን አልረሳም፣ አላቋረጠም፣ ለሌላ ሰው አላካፈለም። በሽተኛ እንዲያደርግ የምንለምነውን ሁሉ አድርጓል። የበደለው ስልኩ ነው። ስልኩ የእንግሊዝኛውን «ኤኤም» «ጥዋት»፣ «ፒኤም»ን «ከሰዓት» ብሎ ቃሉን ተረጎመ፤ ቁጥሩን ግን እንደነበረ ተወው። አማርኛ የሚመስል፣ አማርኛ ያልሆነ ሰዓት ሰጠው።

የዛሬው ሐሳቤ ይኸው ነው፦ ሰውን በቋንቋው አናግሮ በሌላ ሰው አቆጣጠር የሚቆጥር ሶፍትዌር፣ ጭራሽ ካልተተረጎመው ይልቅ አደገኛ ነው። እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ልጁ ይጠራጠርና ሰው ይጠይቅ ነበር። አማርኛ ስለሆነ አመነው።

«ይሄ የገጠር ሰው ችግር ነው» እንዳትሉ። እናንተም ቤት አለ።

1. የመድኃኒት ማብቂያ ቀን

አሁን ሄዳችሁ የመድኃኒት ሳጥናችሁን ክፈቱ። ማሸጊያው ላይ የማብቂያ ጊዜው የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ዛሬ እኛ 2018 ዓ.ም. ላይ ነን። አንድ ሽሮፕ ላይ «2024» የሚል ብታዩ ገና ስድስት ዓመት የሚቀረው ይመስላል፤ እሱ እኮ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል! «06/2025» የሚል ከሆነ የሚያበቃው በጁን መጨረሻ፣ ማለትም ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። «ገና ነው» ተብሎ ለሕፃን ሊሰጥ የነበረ ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ በእጄ ይዤ አውቃለሁ። እናትየው የተማረች ናት። የተሳሳተችው ቁጥሩን ማንበብ አቅቷት ሳይሆን የማን ቁጥር እንደሆነ ስላልተጻፈባት ነው።

2. የእርግዝና አፕ

ብዙዎቻችሁ ስልካችሁ ላይ የእርግዝና መከታተያ አፕ አላችሁ። አፑ የመጨረሻ የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ይጠይቃል። የአንዷ እናት ቀን ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው እንበል። ትክክለኛው የፈረንጆች ቀን ጃንዋሪ 9 ቀን 2025 ነው። «ጥር ማለት ጃንዋሪ ነው» ብላ ጃንዋሪ 1 ብትሞላ፣ በ8 ቀን ተሳሳተች። ጥር አምስተኛ ወር ነው ብላ በቁጥር 1/5 ብትሞላ ደግሞ አፑ ሜይ 1 ብሎ ይይዘዋል፤ ስህተቱ 16 ሳምንት ይሆናል።

16 ሳምንቱስ ሆድ ሲታይ ይታወቃል። እኔን የሚያስፈራኝ 8 ቀኑ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። «ቀኗ አልፏል፣ ምጥ በመድኃኒት ይምጣ» የሚለው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከ41ኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። እዚያ ላይ አንድ ሳምንት ማለት ትልቅ ነገር ነው።

በእኛ አቆጣጠር እኮ ሒሳቡ ቀላል ነበር። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን ይቆጠራል። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ 9 ወር ከ10 ቀን መጨመር ብቻ ነው። በመሐል ጳጉሜን ካለፈች በ10 ፋንታ 5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 4 ቀን። የጥር 1ዷ እናት ቀን ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ይመጣል። አዋላጆቻችን ይህንን በቃላቸው ያውቁታል። አፑ ግን አያውቀውም።

3. የልጅ ዕድሜ

በ2016 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። አንድ የጤና አፕ ላይ የትውልድ ዓመቱን «2016» ብላችሁ ብትሞሉ አፑ የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ አድርጎ ያስበዋል። እድገቱን ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ጋር አወዳድሮ ያስደነግጣችኋል። የመድኃኒት መጠን በዕድሜ የሚያሰላ ከሆነማ ከማስደንገጥም አልፎ ይጎዳል።

4. ጌም

«ጌም ደግሞ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?» ምን መሰላችሁ፣ አንዲት እናት የ14 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ራሱን ያመዋል፣ ክፍል ውስጥ ይተኛል፣ ውጤቱ ወርዷል። ዓይኑ ደህና፣ ደሙ ደህና። ስንጨዋወት ልጁ ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ጌም እንደሚከፍት ነገረኝ። ለምን? ብዙ የኦንላይን ጌሞች በየቀኑ ለገባ ሰው ሽልማት ይሰጣሉ፤ ቀኑ የሚታደሰው ግን ብዙ ጊዜ ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ የእነሱ «አዲስ ቀን» የሚጀምረው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ልጁም ቀድሞ ለመሰብሰብ አላርም ሞልቷል።

እናትየው ምን አሉኝ? «ዶክተር፣ አላርሙን እኮ አይቼዋለሁ። 3:00 ጥዋት ይላል። የትምህርት ቤት የረፍት ሰዓቱ መስሎኝ!»

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። እኔ የጌም ጠላት አይደለሁም፤ ራሴም እጫወታለሁ። ግን የሌላ አገር እኩለ ሌሊት የእኛን ልጅ ከእንቅልፉ ሲያስነሳ፣ የእኛው ስልክ ደግሞ «ጥዋት ነው» ብሎ እናቱን ሲያታልል ዝም ማለት አልችልም።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ቴክኖሎጂው የተሠራው በፈረንጅ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው የማልስማማው።

አብዛኛው ስልክና ኮምፒውተር በውስጡ የፈረንጅም የሐበሻም ቀን የለውም። ያለው አንድ ረጅም ቁጥር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በእኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፉት ሰከንዶች ብዛት። እናንተ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቀን ለዚያ ቁጥር የተደረበለት ልብስ ነው። ልብስ ደግሞ ይቀየራል። አይፎን ላይ የታይላንድን የቡድሃ ዘመን መምረጥ ይቻላል፤ ከፈረንጆቹ በ543 ዓመት ይቀድማል። በዚህ ምክንያት የማንም ስልክ አልተበላሸም።

የእኛውም ቢሆን ተሠርቶ ተቀምጧል እኮ! ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ስታንዳርድ ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት አንዱ በጻፈበት ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ሳጥንና ምልክት ብቻ ሆኖ ይወጣ እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ። ዛሬ እኔ ስጽፍ እናንተ የምታነቡት በዚያ ስታንዳርድ ምክንያት ነው። ዩኒኮድ ከፊደል አልፎ የዘመን አቆጣጠራችንንም፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን አሥራ ሦስቱንም ወሮች፣ ለሶፍትዌር ሠሪዎች አዘጋጅቶ አስቀምጧል። ስልካችሁ ላይ ያለው ብሮውዘር የሚሠራበት ጃቫስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። ሠሪው ልጠቀምበት ካለ ለቀን መቁጠሪያው ብዙ አይደክምም። የሚቀረው ከጠዋት 12 ጀምሮ የሚቆጠረው ሰዓታችን ነው፤ እሱም ቢሆን የ6 ሰዓት ሒሳብ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው ሶፍትዌር የኖርዌዩ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። የኦስሎ ሰዎች የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ ምርጫ ውስጥ አስገብተውታል። ኦዲኬ የሚባለው በየገጠሩ መረጃ መሰብሰቢያ አፕም በእኛ ወሮች ቀን ያስሞላል። አያችሁ? ሪፖርቱ ወደ ላይ ሲሄድ በእኛ አቆጣጠር መሄድ ይችላል። መድኃኒቱን የሚውጠው ሰው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ግን አይችልም። ቁጥሩ ተከበረ፣ ሰውየው ተረሳ።

«ለምን የፈረንጆቹን አቆጣጠር ተቀብለን አንገላገልም?» የሚል አስተያየትም እንደሚመጣ አውቃለሁ። መከራከር ይቻላል። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2016 የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀይራለች። ግን ውሳኔው ነገ ቢወሰን እንኳ የሮቢቷ እናት ነገ ማለዳ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሞላት «ሰባት ሰዓት ሆነ» አትልም። ሰው ሰዓቱን ከፀሐይ፣ ወሩን ከእርሻው፣ በዓሉን ከእምነቱ ጋር አያይዞ ነው የሚኖረው። በሽተኛዬ አቆጣጠሩን እስኪለውጥ መድኃኒቱ አይጠብቀውም። ስታንዳርድ የሚሠራው ለሰው ነው፤ ሰው ለስታንዳርድ አልተሠራም።

እኛ ሐኪሞችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ካርድ ላይ በኢትዮጵያ፣ ሪፈር ወረቀት ላይ በፈረንጅ እንጽፋለን። እኔ ራሴ «9/5/17» ብዬ ጽፌ ሌላ ባልደረባዬ «ሜይ 9 ነው?» ብሎ ደውሎ ጠይቆኛል። ትክክለኛው መልስ ግን እሱ አልነበረም፤ ጥር 9 ለማለት ነበር! ከዚያ ቀን ወዲህ ወሩን በስሙ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳልጽፍ አልፌ አላውቅም።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። የጤናም ሆነ ሌላ አፕ ለኢትዮጵያ ለምትሠሩ ወጣቶቻችን፦ ውስጡን በዓለም አቆጣጠር አስቀምጡት፤ ለሰው ስታሳዩት ግን ሁለቱንም ጎን ለጎን አሳዩ። ፋይዳ ካርዳችሁን አውጥታችሁ እዩት፤ የትውልድ ቀናችሁ በሁለቱም ተጽፏል። ካርድ ላይ ከተቻለ አፕ ላይ ለምን አይቻልም? አላርም ስትሠሩ ደግሞ «ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት» የሚሉትን አራቱንም አስገቡ። ቀኑን አራት ቦታ የሚከፍል ሕዝብ በሁለት ቃል አይስተናገድም። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችም በስልክ ለሚሠራ የጤና አገልግሎት ይህንን እንደ መስፈርት ቢያስቀምጡ ምኞቴ ነው።

እስከዚያው ድረስ እናንተ ራሳችሁን የምትጠብቁበትን ልንገራችሁ፦

👉 ስልካችሁን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ላይ አድርጉት። ከዚያ ለቀን ሰዓት 6 ደምሩ፤ ጠዋት 3 ሰዓት 9:00፣ ቀን 11 ሰዓት 17:00 ነው። ከማታ 1 ሰዓት እስከ ሌሊት 5 ሰዓት 18 ደምሩ፤ ማታ 3 ሰዓት 21:00 ነው። ከሌሊት 6 ሰዓት በኋላ 6 ቀንሱ፤ ሌሊት 9 ሰዓት 3:00 ነው።

👉 የስልካችሁን ሰዓት ራሱን በ6 ሰዓት ወደ ኋላ አትመልሱት። በሰዓት የሚሠሩ የደኅንነት ኮዶች ይበላሹባችኋል።

👉 «ከ8 ሰዓት በኋላ ውሰድ» ከተባላችሁ ከአላርም ይልቅ ታይመር ሙሉ። የጊዜ ርዝመት አስተርጓሚ አይፈልግም፤ 8 ሰዓት የትም 8 ሰዓት ነው። ባትሪው እንዳይዘጋባችሁ ብቻ ቻርጁን እዩ።

👉 ለእርግዝናና ለክትባት በሳምንት ቁጠሩ። የሕፃናት ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚባለው ለሁሉም አገር ሰባቱ ቀን እኩል ስለሆነ ይጠቅማችኋል። አፕ ላይ ቀን ከመሙላታችሁ በፊት ደግሞ በቀን መቀየሪያ ቀይሩት።

👉 መድኃኒት ስትገዙ የማብቂያውን ዓመት ቀይራችሁ አንብቡ። ወሩ ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ከሆነ 8፣ ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር ከሆነ 7 ዓመት ቀንሱ። ካላወቃችሁ ፋርማሲስቱን «በእኛ መቼ ነው የሚያበቃው?» በሉት። አያሳፍርም።

👉 መድኃኒት ሲሰጣችሁ አላርሙን እዚያው ባለሙያው ፊት ሙሉና አሳዩት። የሮቢቱ ልጅ ይህንን ቢያደርግ ኖሮ አንድ ደቂቃ ይፈጅበት ነበር።

👉 የልጆቻችሁን አላርም ዛሬ ማታ ክፈቱና እዩ። «3:00 ጥዋት» የሚል ካገኛችሁ የረፍት ሰዓት አይደለም።

ልጁ ሲሄድ «ታዲያ ዶክተር፣ ስልኬን ወደ እንግሊዝኛ ልቀይረው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከደኅንነት አንፃር «አዎ» ማለት ነበረብኝ። ግን አፌ እምቢ አለኝ። በገዛ ቋንቋው ስልክ ስለተጠቀመ የታመመን ሰው ቋንቋህን ተው ልለው አልቻልኩም። ከላይ የጻፍኩላችሁን የ24 ሰዓት ዘዴ አሳየሁት፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያዘው።

እናንተስ? በሰዓት ወይም በቀን አቆጣጠር ምክንያት መድኃኒት ወይም ቀጠሮ ተሳስቶባችሁ ያውቃል? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ለወላጆቻችሁና አፕ ለሚሠሩ ጓደኞቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።

መልካም ጤና!